ጠጋኙ እና ትልቁ ሲሊንደር

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከመጀመሬ በፊት ይቅርታ። እኔ እርሳስ የያዝኩት ዕድሜዬ ከሄደ በኋላ ነው፤ ፊደሉም አሁን ድረስ አንዳንዴ ይሸሸኛል። መጻፍ የተማሩ ሰዎች ሥራ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ስለዚህ ሰው የሚጽፍ ሌላ አልተገኘም፤ ዝም ብዬ ብተወው ደግሞ እንዳልነበረ ሆኖ ሊቀር ነው። እንግዲህ እሱ ራሱ እንዳጫወተኝ፣ እንደምችለው እሞክራለሁ። የተሳሳትኩትን እያለፋችሁ አንብቡልኝ።

ሰውየውን ሁሉም ጠጋኙ ነው የሚለው። የሚጠግነው የሞተር መጋዝ ነው፤ ያንን በእጅ ተይዞ እየጮኸ ዛፍ የሚጥለውን። ሱቁ ከመንገዱ ዳር፣ በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤትና በአንድ የተዘጋ መጋዘን መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት ሥራ፣ ከመጋረጃው ኋላ አልጋ። ግድግዳው ላይ የመጋዝ ሰንሰለት እንደ ልብስ ተሰቅሏል። ሽታው አይነገርም፤ ትራሱ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ሰው የሚፈልገው በአንድ ሥራ ነው፤ ትልቁን ሲሊንደር በመግጠም። መጋዙ አርጅቶ ጉልበት ሲያንሰው፣ ባለቤቱ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ሌላ ቦታ የተሠራ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ይዞ ይመጣል። ገላው ያው አሮጌው፣ ደረቱ አዲስ ማለት ነው። ሲወራ ቀላል ነው። ግን ስንቱ ገጥሞ አቃጥሎታል! እነዚህ ዕቃዎች ሲመጡ በደንብ ተሞርደው አይመጡም። ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠርዙ ምላጭ ነው፤ ዝም ተብሎ ከተገጠመ ፒስተኑ ላይ ያለችውን ቀጭን ቀለበት ይዞ ይሰብራታል። ጠጋኙ በቀጭን ሞረድ ያለሰልሳል፣ በትንሽ ጣቱ ይዳስሳል፣ ደግሞ ያለሰልሳል። ጣቱ ካልረካ አይገጥምም።

የመጨረሻው ሥራ ግን የጆሮ ነው። ደረቱ የሰፋ ሞተር አየር በብዛት ስለሚስብ ቤንዚንም ጨምሩልኝ ይላል። ካርቡራተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ድምፁን መስማት ነው። ቤንዚን ሲበዛበት ሞተሩ እንደ ኮልታፋ ይንተባተባል። ሲያንሰው ድምፁ ይቀጥንና እንደ ትንኝ ይጮኻል። ያ ጩኸት ጉልበት ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ነው። ልኩ ከሁለቱ መሃል ነው። ጠጋኙ ይህን ልክ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘው ነበር።

ሰው ግን ከራቀው ቆይቷል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት በሯን ስትከፍት ሰላም ትለው ነበር። ታናሽ እህቱ ሩቅ ብትሆንም ሳትደውል አትከርምም ነበር። ከዚያ ሁሉም ቀስ በቀስ ተወው። ከማንም አልተጣላም፤ ምን እንዳጠፋ ቢያስብ ቢያስብ አላገኘውም። በመጨረሻ «ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው» ብሎ ራሱን አሳመነ። ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ አንዷን ሳህን ያጥባል፣ አንዷን ሳህን ይደፋል። ማታ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ያየውና መልሶ ያስቀምጠዋል። ቁጥር መነካካትም ሆነ ላዩ ላይ የሚወጣውን ማንበብ አይሆንለትም፤ ድሮም የምትደውልለት ሚስቱ ነበረች። ሲከፋው ከሞተር ጋር ያወራል። «አንተስ ምን ሆነህ ነው የተኮሳተርከው?» ይለዋል።

ሳያሰልስ የሚመጣው አንድ እንጨት ቆራጭ ብቻ ነበር። ድምፁ ነጎድጓድ ነው፤ ገና ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«ጋሼ! ይቺ አሮጊት አስለቀሰችኝ እኮ! አንድ ግንድ ለመቁረጥ ስንቴ ልለምናት?» አለ መጋዟን ከትከሻው እያወረደ።

«ትቆርጣለህ ወይስ ትለምናለህ?»

«እየለመንኩ ነው የምቆርጠው! ይኸው ትልቁን ሲሊንደር አምጥቻለሁ፤ ኮረዳ ያድርጉልኝ።»

«ከአሮጊት ኮረዳ አላወጣም» አለው ጠጋኙ። «ጉልበቷን ግን እመልስልሃለሁ።»

እንጨት ቆራጩ ሲሥቅ ቤቱ ሞላ። ጠጋኙ ያን ቀን ሥራውን ሆን ብሎ አጓተተው፤ ሰውየው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንዲያወራ።

ሞረደ፣ ዳሰሰ፣ ገጠመ። ከዚያ መጋዟን አስነስቶ ጆሮውን አዘነበለ። የሚሰማው ጎርናናው ድምፅ ብቻ ነው። «ገና ነች፤ ቤንዚን ጠጥታለች» አለና ብሎኗን ጥቂት ዘጋ። አሁንም ያው ጉርምርምታ። ደግሞ ዘጋ። እንዲህ እያለ፣ ለእሱ ልክ እስኪመስለው ዘጋት። እንጨት ቆራጩ መጋዟ ስትጮህ ልጅ ሆኖ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ኮረዳ ሆነች እኮ!» እያለ ይዟት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ በጆንያ ጠቅልሎ መለሳት። በዚህኛው ቀን አልቀለደም።

«ገመዱ አልሳብ አለኝ፤ ግንድ መሃል ቀጥ አለች።»

ጠጋኙ ሲሊንደሩን ፈታ። ፒስተኑ ነክሷል፤ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የፒስተን ነገር ለሚያውቅ ሰው እንደ ፊት ይነበባል፤ ዘይት አጥቶ ቢሆን ዙሪያውን ይቧጨር ነበር። ይሄኛው ግን የተቧጨረው ጭስ በሚወጣበት በኩል ብቻ ነው፤ የኋላው ወገን እንደ አዲስ ያበራል። እሳት የምትሰጠው ካንዴላም እንደ አጥንት ነጥታለች። ቤንዚን አንሶት ነው የተቃጠለው። ብሎኗን የዘጋው ደግሞ እሱ ነው።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?»

ጠጋኙ ቀና ብሎ አየው። ምላሱ ላይ የመጣውን ዋጠና ሌላ ተናገረ።

«ቤንዚኑ ዘይት አንሶታል።»

«ዘይት?» የእንጨት ቆራጩ ፊት ጠቆረ። «የምትቀላቅለው እኮ ሚስቴ ናት! ስንቴ ነግሬያታለሁ፣ መለኪያውን ሙዪው ብዬ! ቆይ ብቻ፣ ልግባ ቤት!»

ጠጋኙ «ተው እንጂ» እንኳ ሳይለው ሰውየው ወጥቶ ሄደ። መጋዟና ያ ፒስተን ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

ያን ዕለት ሥራ አልሠራም። እንዴት እንደዚያ ዘጋኋት እያለ ሲያሰላስል አመሸ። በሕይወቱ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። መብራት ሲበራ ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ መርፌዋ እንኳ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው። አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል። ቀረብ ስትል ሰማት።

«ስንቴ ላንኳኳ ጋሼ? በሩ ሊወልቅ ነው! እህትዎ በኔ ስልክ ደውላ አለቀሰችብኝ። የኔን ቁጥር ለማግኘት እንኳ ስንት ሰው ለምናለች መሰለዎት። ለምንድነው ስልክ የማያነሡት?»

«መች ደወለችና?»

«ኧረ እርስዎ! ይኸው አሁንም እየደወለች ነው!» ብላ ከጠረጴዛው ላይ የራሱን ስልክ አነሣችና ፊቱ ላይ አቀረበችለት።

ስልኩ ይበራል። ይጠፋል። ይበራል። ጠጋኙ የምትቀልድበት መስሎት ፊቷን አየ። አልቀለደችም።

«ይሄ... አሁን ይጮኻል?»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ዝቅ አደረገች። ቀስ ብላ የተናገረችውን አልሰማትም፤ ጮክ ብላ ደገመችለት።

«እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስልዎት ዝም ሲሉኝ፣ ተጠየፉኝ ብዬ ነው የተውኩዎት። ሰፈሩም ‹ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ጠላ› ነው የሚለው።»

ጠጋኙ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እንዴት ብዬ ልጻፈው... እሱ ሰው ሁሉ ጥሎኝ ሄደ ብሎ የከረመበት ዘመን፣ ለካ ሰዉ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠራው ኖሯል። ቀጭን ድምፅ፣ የሴት ድምፅ፣ የስልክ ድምፅ ከጆሮው ሹልክ ብሎ ሲወጣ፣ የሄደው ሰው መስሎታል። የመጋዟም የትንኝ ጩኸት ያኔ ክፍሉን ሞልቶት ነበር፤ ለእሱ ግን ጉርምርምታው ብቻ ነበር የደረሰው።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከፍታ እህቱ ያለችውን ጆሮው ላይ ጮኸችለት። «‹ወንድምጋሼ፣ ምን አስቀየምኩህ?› ትላለች!»

«አላስቀየምሽኝም» አለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ጆሮዬ ነው።» መልሷን አልሰማም። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ብቻውን ሲቀር ፒስተኑን አንሥቶ ጭረቱን በትንሽ ጣቱ ዳሰሰው። ለእህት «ጆሮዬ ነው» ማለት ቀላል ነው። ለእንጨት ቆራጩ ማለት ሌላ ነው። ጆሮ የሌለው ጠጋኝ ማን መጋዙን ያምነዋል? ወሬው ባንድ ቀን ጫካውን ያዳርሳል፤ ያለው አንድ ደንበኛም ሄደ ማለት ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ያቺ ሴትዮ ግን ባልሠራችው እየተሰደበች ታድራለች። ሊተኛ ጋደም አለ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

በማግስቱ ጠዋት ከመደርደሪያው ላይ የራሱን ትልቅ ሲሊንደር ከነፒስተኑ አወረደ። ከመጋዟና ከመፍቻዎቹ ጋር በጆንያ ተሸክሞ እንጨት ቆራጩ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው ሚስትየዋ ናት። ዓይኗ አብጧል። ባልየው ከኋላዋ ብቅ ሲል ጠጋኙ ጆንያውን መሬት አስቀመጠ።

«ዘይቱ ልክ ነበር» አላት ለሷ። «ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ቀጭን ድምፅ አልሰማም፤ ትናንት ፒስተኑን ሳየው ጥፋቱ የኔ መሆኑ ገብቶኝ ነበር፣ ዋሸሁ።»

«ሰማህ?» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ሰማህ አንተ?»

እንጨት ቆራጩ መጀመሪያ እሷን ማየት አልቻለም። ቀጥሎ ጠጋኙ ላይ ዞረ።

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም? በስንት ነገር ሰደብኳት እኮ!»

«ፈራሁ።»

ጠጋኙ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲሊንደሩን ሞርዶ ገጠመ። ብሎኗ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋን ጠራት።

«እኔ ሳዞር አንቺ ስሚልኝ። ስትንተባተብ እጅሽን ዝቅ፣ ስትጮህ ከፍ አድርጊ። ልኩ መሃሉ ነው።»

«እኔ ምኑን አውቄ?» አለች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ።

«ጆሮ አለሽ አይደል?»

መጋዟ ተነሣች። ጠጋኙ ብሎኗን በካቻቢቴ እያዞረ ዓይኑን ከሴትዮዋ እጅ ላይ አልነቀለም። እጇ ወረደ፣ ወጣ፣ ትንሽ ወረደ፣ ደረቷ ላይ ቆመ። ግንድ አስነክቷት አየ፤ እጇ አልተነቃነቀም። አጠፋት።

እንጨት ቆራጩ መጋዟን ሳይሥቅ ተቀበላት። ጠጋኙ ባዶ ጆንያውን አጥፎ ብብቱ ስር ከተተና ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ሰው የተናገረ መሰለው። ወትሮ ቢሆን ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ቆመ፤ ዞሮ እስከ በሩ ድረስ ተመለሰና ባልና ሚስቱን አያቸው።

«አልሰማሁም» አላቸው። «ድገሙልኝ።»