የዓርብ ቀትሩ ባዮሎጂ

ልደታ ወዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባሁት ሒሳብ ላስተምር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ተካ ቢሯቸው ጠርተው አንድ ትልቅ ሰሌዳ አሳዩኝ። ባለቀለም የካርቶን ቁራጮች በስፒል ተሰክተውበታል፤ እያንዳንዷ ቁራጭ አንድ ክፍለ ጊዜ ናት። "ሒሳብ ታውቂያለሽ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራም የምታወጪው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ሒሳብ ምን ሊያደርግልኝ! ሥራው የሰው ጠባይ ማወቅ ነበር። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ የሚወድ መምህር የለም። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ሻይ ይጋብዘኛል፤ ፕሮግራሙ ከተለጠፈ በኋላ ግን ሰላም የሚለኝም ይጠፋል። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ያኔ ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ምህንድስና የሚያስቡት ቴክኒካል ድሮዊንግ፣ ሕክምና የሚያስቡት ባዮሎጂ ይወስዱ ነበር። ሁለቱን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ እሰካቸዋለሁ። የስዕል ጠረጴዛ ያለው ክፍል አንድ፣ የድሮዊንግ መምህሩም ጋሽ ሰዒድ ብቻ ስለነበሩ ሌላ መላ አልነበረኝም።

አንድ ዓመት ራሔል የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መጣች። "ቲቸር፣ ሁለቱንም ልማር" አለችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ለሁለት ልትሰነጠቂ ነው?"

አልሳቀችም። አባቷ አብነት ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው፤ በሰው ሠራሽ እግር ነው የሚሄዱት። "እግሩ ያቆስለዋል። ቤት ገብቶ ሲያወልቀው እንዳናይበት ፊቱን ያዞራል። እኔ የተሻለ ልሠራለት ነው። ስዕሉን ብቻ አውቄ ሥጋውን ካላወቅሁ እኔም ያው ማቁሰሌ ነው።"

አቶ ተካ "ለአንድ ልጅ ብለን ትምህርት ቤቱን አናገለባብጥም" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ባዮሎጂን ባነሳ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ያጣል፤ ኬሚስትሪን ባነሳ እንግሊዝኛ መምህር ያጣል። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ባዶ ቦታ ፈለግሁ።

የቀረኝ የዓርብ ቀትር ነበር። ያን ሰዓት ለጁምዓም ለምሳም ተብሎ ግቢው ባዶ ይሆናል፤ ካርቶን ሰክተንበት አናውቅም። ጋሽ ሰዒድ መስጊድ ናቸው። የባዮሎጂዋን መምህርት ጽጌን ግን መምህራን ማረፊያ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት።

"ጽጌዬ፣ ምሳሽን ልነጥቅሽ ነው።"

"ዓርብ የምን ምሳ አለብኝ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ይልቅ ልጅቷን ላኪያት፤ ረሃቡን ታስረሳኛለች።"

አቶ ተካ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጽጌ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓርብ ዓርብ አስተማረቻት። የቀረውን ራሔል ከጓደኞቿ ደብተር ታሟላ ነበር።

አሁን ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ያወጣዋል፤ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። በቅርቡ ራሔል ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች። ሥራዋ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ነው። ስለ አባቷ ስጠይቃት አቀረቀረች። "አልደረስኩለትም ቲቸር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አረፈ።"

ሻይ ቀዳሁላት። እሷም ቀጠለች፤ "መጀመሪያ የሠራሁለት ሰውዬ ግን እግሩን አድርጎ ተነሳ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም፤ እግር እንደሌለው ረስቶ! እንዴት ደስ እንዳለኝ!"

ሁለታችንም አለቀስን።

ፕሮግራም ለምታወጡ ወጣቶች የምለው ይህን ነው፤ አይቻልም ከማለታችሁ በፊት ልጁ ትምህርቱን ለምን እንደፈለገው ጠይቁት።