ሁለቱ ዝተቶች

አፊፋ አብዱልሀሚድ ባሕር ያየችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ አየችው፤ በቃት። ዘመኑ ፲፰፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩም ጥር ነበር።

የአልዩ አምባ ልጅ ናት። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ወርደው የሚያገኟት የነጋዴ ከተማ ስትሆን፣ አባቷ አብዱልሀሚድም እንደ አገሩ ሰው ግመልና በቅሎ እየጫነ እስከ ታጁራ ወደብ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። እናቷ ዙቤዳ ግን ከላይ፣ ከብርዱ አገር ተድራ የወረደች የደጋ ሰው ናት። ሙያዋም የደጋ ሙያ ነው። ከጣርማ በር በኩል የሚመጣላትን የበግ ጠጉር ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፣ ትነድፋለች፣ ትፈትላለች፤ ፈትሉን ሸማኔ ሲሠራው ዝተት ይሆናል፤ ወፍራም፣ ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ።

ዙቤዳ ብርድን እንደ ሰው ትፈራው ነበር። ከአፊፋ ቀጥሎ የወለደችውን ወንድ ልጅ ብርድ መትቶ ቀምቷታል። ስለዚህ ዓወል ሲወለድ፣ እንዲያ ሞቃት አገር እየኖረ፣ ሳይለብስ ውሎ አያውቅም። አንዲት ጎረቤቷ፣ ይህን ልጅ እንደ ሊጥ ኩፍ እንዲል ነው እንዴ የምትሸፍኚው እያለች ትቀልድባት ነበር። ዙቤዳ አብራ ትስቅና መልሳ ትሸፍነዋለች።

የአብዱልሀሚድ ታላቅ ወንድም ዘይላ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ልጅ አልነበረውም። ዓወል ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ ስጡኝና ላሳድገው፣ ቁርኣንም ላስቀራው ብሎ ላከ። ዙቤዳ አልጋ የያዘች አማቷን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ አፊፋ ከአባቷ ጋር ወርዳ፣ ወንድሟ አገሩን እስኪለምድ አብራው እንድትቀመጥ ተቆረጠ። ዙቤዳ ሁለት ዝተት አሠራች፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ። በመነሻቸው ጠዋት የአፊፋን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣

«ሌላ ነገር አልጠይቅሽም፤ ብርድ እንዳታስገቢበት» አለቻት።

«አላስገባበትም፣ እማ።»

በረሃውን ሲያቋርጡ ከአርባ ቀን በላይ ፈጀባቸው። ታጁራ ሲደርሱ ዓወልን ንዳድ ይዞት ነበር። ከዚያ እስከ ዘይላ ያለው የእግር መንገድ ሰላም ስላልነበረ፣ አብዱልሀሚድ ልጆቹን ይዞ ሰንቡክ በሚሉት ባለ ሸራ ጀልባ ተሳፈረ። ጀልባው የባሕሩን ዳር ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ሲመሽ መልሕቅ ይጥላል፣ ሲነጋ ሸራውን ይዘረጋል።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። የዓወል ትኩሳት ቀለል ብሎለት፣ መርከበኞቹ የጠበሱትን ዓሣ በላ። ከዚያ ደረቱን ጠርዙ ላይ አስደግፎ ውሃውን ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየና፣ ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚወርደው ብሎ አባቱን ጠየቀ። አብዱልሀሚድ ስቆ፣ የትም አይወርድም፣ እዚሁ ነው አለው። «ታዲያ ማን ገደበው?» አለ ልጁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ውሃው እየተረጨ ሰውን ሁሉ አራሰ፤ የዓወልም ንዳድ ተመልሶ መጣ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አፊፋ ይሰማታል። ዝተቱን ጠቀለለችበት፤ መንቀጥቀጡን አልተወም። የራሷን አውልቃ ደረበችለት፤ ነፋሱ ይገልጠዋል። ስለዚህ መቀነቷን ፈታች፣ ከሁለቱ ዝተቶች በላይ ሁለት ጊዜ አዞረችበት፣ ሕፃን የሚታዘልበትን እናቷ ያስተማረቻትን ቋጠሮ ቋጥራ አጠበቀችው።

«አሁን ሞቀኝ» አለ ዓወል። «አንቺስ?»

«እኔን አይበርደኝም» አለችው።

ብዙ አልቆየም፤ ጀልባው ውሃ ውስጥ ከተደበቀ ድንጋይ ጋር ተላተመና በጎኑ ወደቀ። ሰውም ዕቃም አንድ ላይ ባሕሩ ውስጥ ገባ። አፊፋ በስስ ቀሚስ ብቻ ነበረች። እጇ አፉ የታሰረ ባዶ የውሃ ስልቻ አገኘ፤ ስልቻው ተንሳፍፎ አቆያት፣ አንድ መርከበኛም ጎትቶ አወጣት። የብሱ ቅርብ ነበር፤ ሰው ቢጠሩ የሚሰማበት። አብዱልሀሚድ ግን አልወጣም። ከአፍንጫው ደም እስኪፈስ ድረስ ይጠልቅ፣ ይወጣ፣ ደግሞ ይጠልቅ ነበር።

ዓወልን ያገኙት እኩለ ቀን ላይ፣ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ቋጠሮው እንዳለ ነበር። ዝተቶቹ ውሃ ጠጥተው፣ ያን ትንሽ ልጅ ሁለት ወንዶች ተጋግዘው አነሡት። የጀልባው አለቃ ቋጠሮውን በጣቱ እያሳየ በዓረብኛ ጠየቀ። አፊፋ ቋንቋውን ባታውቅም፣ ጣቱን አየች።

አባቷ አብዱልሀሚድ ቀና ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው በሁለቱም ቋንቋ፣ «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ።

ልጁን በአባቱ ጥምጣም ከፍነው አሸዋው ላይ ቀበሩት። ዝተቶቹን እዚያው ተዉአቸው። ዘይላም ሳይደርሱ ተመለሱ። በዚያ ሁሉ መንገድ አብዱልሀሚድ ስለ ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። የአልዩ አምባን ዳገት ሲጀምሩ፣ እናትሽ የጠየቀችሽን ብቻ መልሺ አላት።

ዙቤዳ ደጅ ላይ ቆማ ሁለቱን ብቻ ስታይ አልጮኸችም። የአፊፋን ባዶ ትከሻ ዳሰሰችው።

«በርዶት ነበር?»

«አልበረደውም። አለበስኩት።»

«የአንቺንም?»

«የእኔንም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዙቤዳ። ልቅሶዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብዱልሀሚድ የጀልባውን መገልበጥ ነገራት፤ ስለ ቋጠሮው ግን አላነሣም።

ከዚያ ወዲያ ጉም ከአንኮበር በወረደ ቁጥር ትጠይቃታለች። በርዶት ነበር? አፊፋም ትመልሳለች፤ አለበስኩት። እናቴ የምትጽናናበት ነገር ልጇን የገደለው ነው እያለች ብቻዋን ትበግን ነበር። ወንዝ ወርዳ ጠጉር ማጠብም ተወች፤ ውሃ የጠጣ ጠጉር እጇ ላይ ሲከብድ ጥላው ትወጣ ነበር። ዙቤዳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ማጠቡን ብቻዋን ያዘችው።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ቀን መጣ፤ ከረሃቡም ጋር በሽታ መጣ፤ ዙቤዳ ተኛች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በበሩ ገብቶ እግሯ ላይ ወድቆ ሳለ፣ ደግማ ጠየቀች። አፊፋ ያን ቀን እንደ ወትሮዋ መመለስ አልቻለችም።

«እማ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ዝተቱ ነው ያሰጠመው።»

«አውቃለሁ» አለች ዙቤዳ።

አፊፋ ቀና ብላ አየቻት።

«ውሃ የጠጣ ጠጉር ምን እንደሚከብድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ወገቤን ያጎበጠው እሱ አይደለም? ያለ ዝተት ስትመጪ ያየሁሽ ዕለት አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነበር የምትጠይቂኝ?»

«አለበስኩት ስትይ ጆሮሽ እንዲሰማው ነዋ። ብርድ እንዳታስገቢበት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስለ ውሃ ማን ነገረሽ? እኔም አላሰብኩት፣ ልጄ።»

በሦስተኛው ቀን አረፈች። አብዱልሀሚድ ወደ ባሕር ዳግመኛ ሳይወርድ እርሻ ይዞ ኖረ። አፊፋ የእናቷን እንዝርት ወረሰች፣ አገባች፣ አምስት ወለደች፤ ከእነሱም ሦስቱ አደጉላት። በብርድ ቀን ልጆቿን ታለብሳለች እንጂ ቋጥራ አታስርም፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የልብሱን ጫፍ በእጇ ይዛ ትቀመጥ ነበር።

በስተርጅናዋ፣ በዕድሜሽ ከሁሉ ይበልጥ የቆጨሽ ምንድን ነው ሲሏት እንዲህ አለች፦

«አባቴ እኔ ነኝ አለ። እናቴም እኔ ነኝ አለች። ሁለቱም ጥፋቱን ከጫንቃዬ ሊያነሡልኝ ነበር፤ አልለቅም ያልኩ እኔ ነኝ። እሱ ይሁን። ግን ዓወል ‹አሁን ሞቀኝ› ብሎኝ ነበር። ይህን ቃል ለእናቴ አልነገርኳትም። አራት ዓመት ስትጠይቀኝ፣ የራሴን ጥፋት ስሸሽግ፣ የእሱንም ቃል አብሬ ሸሸግሁባት። ከሁሉ የሚበልጠው ያ ቃል ነበር፤ ለእሷ ነበር የሚገባው፤ እኔ ጋ ቀረ።»