የተቆረጠው ህልም

አጎቴ ሃያ ስድስት ዓመት ፊልም ሲያጫውት ኖሮ፣ ሰው የሚደብቀው ነገር ሁሉ በህልሙ ይወጣል ብሎ ያምን ነበር። ይህን ያስተማሩት የድሮ ፊልሞች ናቸው። በእነሱ ውስጥ ገዳዩ ቀን ቀን ፈገግ ይላል፤ ሲተኛ ግን እጀታ የሌላቸውን በሮች ሲያንኳኳ ያድራል።

ተመልካቹ ግን ህልም አይወድም። ሸራው ላይ ያለው ሰውዬ በድንገት ውሃ ላይ መራመድ ሲጀምር፣ የፊልሙ ጥቅል የተቀያየረ እየመሰለው ያፏጫል። ስለዚህ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ህልም ህልሙን እንዲያወጣ አዘዘው። አጎቴም በመቀስ ይቆርጥና ሁለቱን ጫፍ ያጣብቃል፤ ቁራጩን በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣል። ሰፈሩ «መቀሴ» የሚለው በዚህ ነው።

ሚስቱን፣ እኔ እትዬ የምላትን፣ ጠዋት ህልሟን ስትነግረው እንደ መርማሪ ያፋጥጣታል። በሩን የከፈተልሽ ማነው? ፊቱ ለምን አልታየሽም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሲቀልዱበት።

አንድ ቀን እትዬ ለታናሽ እህቷ «ህልሙን እንዳትነግሪው» ስትል በመስኮት ሰማ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት «እህቴ ጋ ነው» እያለች ሽቶ ተቀብታ እንደምትወጣ አስተዋለ። ከካፖርቷ ኪስ ግማሽ ትኬት አገኘ። የእሱ ሲኒማ ቤት ትኬት ቢጫ ነው፤ ይሄኛው ሰማያዊ።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ትኬቱን አምጥቶ ሰጠኝ።

«የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይሄን አንብብልኝ። ቤቴ ሊፈርስ ነው።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ከሥራ ቀረና ተከተልናት። ከተማው ማዶ ያለው ሲኒማ ቤት ገባች። ከኋላዋ ሦስት ረድፍ ርቀን ተቀመጥን። ፊልሙ አጎቴ ባለፈው ሳምንት ያጫወተው ነው። እሱ ግን ሸራውን አላየም፤ ዓይኑ ከእትዬ ጎን ካለው ባዶ ወንበር አልተነቀለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ክንዴን ይጨብጠኛል። ማንም አልመጣም። ህልሙ ሲጀምር አዳራሹ አፏጨ፤ እትዬ ብቻ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

ውጭ አስቆማት።

«ይሄንን እኔ ጋ በነፃ አይተሽው የለም እንዴ?»

«አንተ ጋ ሴትየዋ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ታለቅሳለች። ለምን እንደምታለቅስ ላውቅ ነው የመጣሁት።»

«ህልሙን እንዳትነግሪው ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «የፊልሙን ህልም ነው ያልኩት። ጆሮህንም ቆርጠኸዋል እንዴ?»

አጎቴ አልሳቀም። ለምን እንደደበቀችው ጠየቃት።

«የማላውቃት ሴት ያየችውን ህልም ብነግርህ፣» አለች፣ «እኔን ነበር የምትመረምረኝ።»

በሳምንቱ ያው ፊልም እሱ ጋ ሲደገም፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ያንን ቁራጭ አውጥቶ በቦታው አጣበቀው። ተመልካቹ አፏጨ፣ ባለቤቱ ጮኸበት፤ እትዬ መሀል ላይ ተቀምጣ አየችው። ሐሙስ መውጣቷም ቀረ።

የራሷን ህልም ግን ዳግመኛ አልነገረችውም። ጠዋት እንዴት አደርሽ ሲላት ደህና ትላለች። እሱም የተጣበቀበትን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው ፊቷን ያያል።