የብርድ ልብሱ አራት ጫፎች

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁለቱን ሴቶች በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ረጅሟ ሰንበሌጥ፣ አጭሯ ድንቢጥ ነበሩ። በወጣትነታቸው አንሶላ ለማጠፍ እንደተጣመሩ፣ ሳይለያዩ ፀጉራቸው ሸበተ።

አንሶላ ለአንድ ሰው አይታዘዝም። ሁለት ጫፍ አንዷ፣ ሁለት ጫፍ ሌላዋ ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፤ ከዚያ ድንቢጥ ጫፎቿን ይዛ ወደ ሰንበሌጥ ትራመዳለች። ሰንበሌጥ ባሏን የቀበረች ሰሞን አንድም ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር። ድንቢጥም አላስጨነቀቻትም፤ ጫፉን ባቀበለቻት ቁጥር ግን ጣቷን ጨበጥ አድርጋ ትመለስ ነበር። ሰንበሌጥ ያን ሐዘን የተሻገረችው በዚያች የጣት ጭበጣ ነው።

የድሮዋ ኃላፊ በበሩ ብቅ ትልና "እጃችሁ ይባረክ!" ትላቸው ነበር፤ ምርቃቱ ለአራቱም እጅ ይዳረስ ነበር። አዲሱ ኃላፊ ግን ሽልማት አመጣ። "የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ" ተብሎ የሰንበሌጥ ስም ለብቻው ተለጠፈ።

"እሷስ?" አለችው ሰንበሌጥ፣ ድንቢጥን እያሳየች።

"ምርጥ አንድ ነው፣ እናቴ" አላት እየሳቀ።

ድንቢጥ "እንኳን ደስ አለሽ" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ጫፉን ስታቀብል ጣቷን ታሸሽ ጀመር።

"አንቺ ሴት፣ ምን በደልኩሽ?"

"ምን ትበድይኛለሽ? እኔ አንሶላው የታሰረበት ችካል ነኝ። ችካል ደግሞ አይቀየምም።"

ጡረታቸው ደርሷል። ተኮራርፈው ቢለያዩስ? ሰንበሌጥን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

በሽልማቱ ቀን መድረክ ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጧትና ድምፅ ማጉያውን አስጠጉላት። ንግግር ከየት ይምጣ! እጇ ግን የለመደውን ሠራ፦ ብርድ ልብሱን ከላስቲኩ አውጥታ ሁለት ጫፉን ይዛ ዘረጋችው። የቀረው ወለሉ ላይ ተዝረከረከ። እንደዚያው ይዛ ቆመች።

"ልያዝልሽ፣ እናቴ?" አለ ኃላፊው።

"ተወው ልጄ፣ ባለቤት አለው።"

ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ከኋላ ወንበር አንድ የተቆጣ ድምፅ ተሰማ።

"ኧረ አንቺ! በአዲስ ልብስ ወለል ይጠረጋል እንዴ?"

ድንቢጥ ናት። ልብስ መሬት ሲነካ ከቶ አያስችላትም። እያጉረመረመች መድረኩ ላይ ወጣች፤ ሁለቱን ጫፍ አነሳች። ወጠሩት፣ አራገፉት፤ ብናኙ ኃላፊውን አስነጠሰው። ድንቢጥ ተራመደች። ጫፍ ከጫፍ ተገናኘ፤ ጣቷም አልሸሸም፤ የሰንበሌጥን ጣት ጨበጥ አደረገ።

"አጣመምሽው" አለች ድንቢጥ።

"ያንቺ ጫፍ አጥሮ ነው።"

"እኔ ባጥር ጫፌ ያጥራል? ከንቱ!"

ድምፅ ማጉያው አጠገባቸው ነበርና አዳራሹ ሁሉ ሰማው። የሰንበሌጥ ንግግርም ያ ሆኖ ቀረ።