ለሳይክል ቦታ የለንም

ሰኞ ዕለት ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ሳይክሉ መቀመጫ አልነበረውም። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤታችን ድረስ ቆሞ ነው የነዳው። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ከሩቅ ሳየው፣ ከረባቱን ነፋስ ትከሻው ላይ ጥሎበት፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ግራና ቀኝ ማየት ነው። የሚያውቀን ሰው አለ ወይ ብዬ። ምን ሆነህ ነው ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

"መቀመጫዬን ወሰዱታ!" አለ እየሳቀ። "ሆላንድ ቢሆን ሳይክሉንም አይተዉልኝም ነበር። የኦክላንድ ሌባ ይራራል።"

እናቴ ከውስጥ ሰምታ፣ "አሁንስ መኪና ግዛ፣ ልጄ" አለችው።

"መኪና ብገዛማ ጎማዎቹን ነበር የሚወስዱት፣ እማዬ። ያኔ በምን ቆሜ ልነዳ?"

እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። እኔና እናቴ እዚህ አሜሪካ ስንመጣ እሱ ሆላንድ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ኖሯል። ወደ እኛ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሲመጣ የሆላንድን አኗኗር ይዞ መጣ። እዚያ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ እርጉዟም በሳይክል ነው የሚሄዱት ይለን ነበር። የስፖርት ልብስ የሚለብስ የለም። ሰው ለሥራ እንደለበሰ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይነዳል። ጣቢያዎቹ ሥር ፎቅና ምድር ቤት ያለው የሳይክል ማቆሚያ አለ፣ ሳይክሉ እንደ አሸዋ ነው። አንድ ቀን የት እንዳቆመ ጠፍቶት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልጓል። ከዚያ ወዲህ መሪው ላይ ምልክት ያስር ጀመር። እዚህ ኦክላንድም እናቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለቱን ቆርጣ ሰጠችው። ጣቢያው የሳይክል ማሰሪያ ብረት ላይ የሚቆሙት ሳይክሎች ሦስት ወይም አራት ናቸው። እሱ ግን ጥለቱን አሰረ።

ሥራው ሳን ሆዜ ነበር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከቤት እስከ ጣቢያ በሳይክል፣ ከዚያ በባቡር ይሄዳል። ሳን ሆዜ ጣቢያ ደግሞ ሌላ አሮጌ ሳይክል ቆሞ ይጠብቀዋል። ሆላንድ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ይል ነበር፣ አንድ ሳይክል ለቤት፣ አንድ ለሥራ። እኛ ሰፈር ግን ሁለት ሳይክል ኖሮት መኪና የሌለው ትልቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

እኔ የምሠራው ጣቢያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ። አለቃችንም የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ ሺፍት አብሮኝ የሚገባው ልጅም አበሻ ነው። ያኔ ከገባሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ወንድሜ ሁልጊዜ ጠዋት በፊታችን ያልፋል። ከረባት አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ዝናብ ሲሆን በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ። መሪው ላይ ጥለቱ ይውለበለባል።

"አምባሳደሩ መጡ!" ይላል ልጁ። "ባንዲራቸውን እዩልኝ!"

ወንድሜ መሆኑን አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ቀን ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀን መናገር ከበደኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ፣ "ዛሬ ሾፌራቸው የት ሄዶ ነው?" ብዬ ቀለድኩ። ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያ ሰሞን ከተቀለደው ሁሉ ይበልጥ ያሳቀው የኔ ነበር።

ሰኞ ማታ ራት እየበላን ወንድሜ፣ "እናንተ ጋ አንዲት ጥግ አትጠፋም፣ ማሙሽ። ዘበኛ ያለበት ቦታ ነው። አለቃህን ብትጠይቅልኝ" አለኝ።

"እጠይቃለሁ" አልኩ።

"እንዳይከብድህ ብቻ።"

"አይከብደኝም፣ ወንድም ጋሼ። አሁን ቴክስት አደርጋቸዋለሁ።"

አላደረግኩም። ስልኬን አውጥቼ ሌላ ነገር አየሁ። እሱ ጠየቀልኝ ብሎ አመነ። ከራት በኋላ ምድር ቤት ወርዶ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ እነዳት የነበረችውን ሳይክል መቀመጫ ፈታ። ትንሽ ናት፣ ቀይ የመብረቅ ሥዕል አለባት። የራሱ ሳይክል ላይ ገጠማትና ከፍ አደረጋት። ዝናብ እንዳይነካት ብሎ እንደ ሆላንዶች ፌስታል አለበሳት።

ማክሰኞ ጠዋት ሳይክሉን እየገፋ ወደ መኪና ማቆሚያው ገባ።

"እንደምን አደሩ?" አላቸው አለቃችንን። "ሳይክሌን እዚህ ጥግ ላይ ባቆም ብዬ ነበር። ተጠይቆልኝ ነበር መሰለኝ።"

"ማን ነው የጠየቀልህ?"

ልጁ አጠገቤ ሆኖ፣ "አምባሳደሩ ኤምባሲ አጡ። መቀመጫቸውን አየሃት?" አለኝ በሹክሹክታ።

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ፈገግ ብሎ ነበር። አለቃችንም ዞረው አዩኝ።

"አንተ ነህ? ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም" አልኩ።

እሱ አልበቃኝም። "ለሳይክል ቦታ የለንም" ብዬ ጨመርኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለማላውቀው ደንበኛ እንደምናገረው።

የወንድሜ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ የሚሄድበት ያጣ ይመስል። ከዚያ ለአለቃችን ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው። ሌላ ቦታ ይሆናል" አለ። ሳይክሉን አዞረ። መውጫው ላይ ጎማው ከጉብታው ጋር ሲጋጭ ደወሉ ብቻውን ጮኸ። ልጁ ሳቀ።

"ጨዋ ሰው ነው" አሉ አለቃችን።

ትንሽ ቆይቶ ከባቡሩ ውስጥ ቴክስት አደረገልኝ። እስካሁን አላጠፋሁትም። "ማሙሽ አይዞህ። ሥራ ቦታ እንደዚያ ነው፣ እኔ ነኝ ያልተጠነቀቅኩት። ጣቢያው ላይ አቁሜዋለሁ" ይላል።

ማታ ቤት በአፌ እነግረዋለሁ አልኩ። አውቆ ይሁን፣ እውነትም የሥራ ሕግ መስሎት ይሁን፣ ማታ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ኮል አደረገች። መናገር አልቻለችም። ስልኩን ጎረቤታችን ተቀበለቻት። ወንድሜ ሳን ሆዜ ጣቢያ ላይ፣ ያንን ሁለተኛ ሳይክሉን ሊከፍት ቁጭ እንዳለ ወድቆ ነበር። ሰንሰለት የሚያስተካክል መስሏቸው ያለፉ ሰዎች ነበሩ አሉን። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከዚያ በፊት አሞት አያውቅም።

ለማንም ሳልናገር ከሥራ ወጣሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አንድ የላስቲክ ከረጢት ሰጡን። ቦርሳው፣ ስልኩ፣ ከረባቱ፣ አንዲት የሳይክል ቁልፍ። የኦክላንዱ ናት። የሳን ሆዜው ቁልፍ ሳይክሉ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። ከረጢቱን እናቴ እቅፍ አድርጋ ያዘችው፣ ቁልፏን እኔ አወጣሁ። ለምን እንደያዝኳት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። እናቴ መሬት ላይ ነበረች። ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ የቀረሁት፣ በር ላይ ቆሜ ሰው መቀበል ነበረብኝ። ጫማዬን ሳስር እናቴ አየችኝ።

"የት ነው? ሰው እየመጣ!"

"እመለሳለሁ።"

"አሁን? ትተኸኝ?"

"ሳይክሉ ጣቢያው ላይ ነው፣ እማዬ።"

በሩን ለጎረቤታችን ትቼ ወጣሁ።

ሳይክሉ እንዳቆመው ነበር። ጥለቱ ጤዛ ጠጥቶ መሪው ላይ ተለጥፏል። ፌስታሉ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል፣ መቀመጫዋን ግን አልነካትም። ከኋላ ጎማው ላይ የተገጠመውን ክብ መቆለፊያ ከፈትኩ። መግፋት እችል ነበር፣ ቅርብ ነው። ወጣሁበት። መሪው ሰፊ ስለሆነ ማጎንበስ አይቻልም፣ እንደ እሱ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራ የሚሄዱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። አዩኝ።

ልጁ ከሩቅ ነው ያየኝ። "እንዴ! የአምባሳደሩን ሳይክል ሰረቅከው?" አለ እየሳቀ።

"የወንድሜ ነው።"

አለቃችን ከትንሿ የመስታወት ክፍላቸው ወጡ። ሥራ ቀርቼ ስለነበር የተቆጡ መሰለኝ። "የትኛው ወንድምህ?" አሉኝ።

"ትናንት አላውቀውም ያልኩዎት።"

ጥለቱን አዩ፣ እኔን አዩ። "እና እሱ የት አለ?"

"ትናንት ሞተ።"

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ።

"ነፍስ ይማር" አሉ አለቃችን። ቆይተው ደግሞ፣ "አንተ ልጅ፣ ለምንድነው ያልነገርከኝ? ከታች ግማሹ ቦታ ባዶ ነው እኮ። ወንድሜ ነው ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?"

"አይሉኝም ነበር" አልኩ።

አፍሬ ነው አላልኳቸውም፣ አውቀውታል መሰለኝ። ከክፍላቸው አጠገብ ያለችውን፣ የራሳቸውን መኪና የሚያቆሙባትን ቦታ የዘጋውን ብርቱካንማ ምልክት በእጃቸው አነሱልኝ። ሳይክሉን መሐል ላይ አቆምኩት። ጎንበስ ብዬ መቆለፊያውን ገፋሁ። የዚያ መቆለፊያ ቁልፍ ካልተቆለፈ አይወጣም፣ ሲቆለፍ ብቻ ነው የሚለቀው። ወጣልኝ።

"ቆይ፣ በመኪና እናደርስሃለን፣ ለለቅሶውም እንመጣለን" አሉኝ።

"ኑ። እኔ ግን በእግሬ እሄዳለሁ" ብዬ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ።