ማንንም ልንጠይቅ ያልሄድንበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ታዝማኒያ ቡክ አደረግሁ» አለችኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ «እዚያ ማን አለሽ?» አላት።

«ኖባዲ፣ ዳድ። ሆሊደይ ነው» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ሶፋው ላይ ቀረሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩት ጥያቄ ከገዛ አፌ ወጣ።

ጥያቄውን መጀመሪያ የሰማሁት ከእትዬ የሺ ነው። ያኔ እኔና ሰይድ ሜልቦርን ከተማ፣ ኬንሲንግተን ውስጥ አንድ ፍላት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ጎረምሶች ነን፤ ሁለታችንም ሰንሻይን ዌስት ሠፈር ያለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሺፍት እንገባለን። እሱ የወሎ ልጅ፣ እስላም፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ። ፍሪጁ ውስጥ የእሱ ሥጋ ከላይ፣ የእኔ ከታች፤ የቀረው ሁሉ የጋራ ነው። ተቻችሎ ስለመኖር የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ለእኛ አንድ መደርደሪያ በቅቶናል።

ፋብሪካው ውስጥ ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ግድግዳ ላይ ካላንደር ነበር። የአንዱ ወር ፎቶግራፍ ከሜልቦርን በስተምዕራብ፣ በስንዴው አገር መካከል የተኛ ሮዝ ሐይቅ ነው። ወሩ አለፈ፤ ሰይድ ግን ገጹን ማንም እንዳይገልጠው ከለከለ። እኔ «ውሃ እንዲህ ዓይነት ቀለም የለውም፣ ቀብተውት ነው» እላለሁ። እሱ «እንሂድና እንየው» ይላል። ፋብሪካው ለፈረንጆች ገና ሲዘጋ፣ ክርክሩን ለመጨረስ በሰይድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ልንሄድ ተነሣን።

ለእኔ ነገሩ ከሐይቁም ይበልጥ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ረጅም መንገድ የሄድኩት ሁሉ ሌላ ሰው ጭኖኝ ነው። ሱዳን በጭነት መኪና፣ ካምፕ በአውቶቡስ፣ ሜልቦርን ሌሎች በቆረጡልኝ ትኬት። አንዱም ጉዞ መመለሻ አልነበረውም። አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ስላለኝ ብቻ ሄጄ፣ እንደ ሄድኩት ልመለስ ፈለግኩ።

እትዬ የሺ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። መሄዳችንን ሲሰሙ፣

«ማንን ልትጠይቁ ነው?» አሉ።

«ማንንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ለሽርሽር ነው።»

«ዘመድ የሌለበት አገር ለሽርሽር? ያማችኋል እንዴ?»

የሠፈሩ ብቸኛ ባለቫን ጋሼ ወርቁ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ይተዋቸው፣ እትዬ የሺ። እኔ ቤንዚን ሞልቼ፣ ገመድ ይዤ እጠብቃለሁ። ሲደውሉ ሞተሯን ጭኜ፣ እነሱን ጎትቼ አመጣለሁ» አሉ። ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈው በገዛ እጃቸው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

በማግስቱ ማለዳ እትዬ የሺ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ይዘው ብቅ አሉ።

«ለሰውየው ስጡልኝ።»

«ለየትኛው ሰውዬ?» አላቸው ሰይድ።

«ለምታገኙት ነዋ! ባዶ እጃችሁን ሰው ደጅ ልትቆሙ ነው? የጾም ነው፣ ማንም ይበላዋል። ማን እንደተቀበለኝ መጥታችሁ ንገሩኝ።»

ሰይድ እየነዳ፣ እኔ ከኋላ ዳቦ ቆሎውን አቅፌ ወጣን። ሞተሯ ከሰማንያ በላይ አትሄድም፤ ከባድ መኪና ባለፈን ቁጥር ሁለታችንም አጎንብሰን አስፋልቱን እንሳለማለን። ዛሬ ቀስ ብሎ መጓዝን የሚሰብኩ ጸሐፊዎች ሞልተዋል። እኔ ጥበቡን የተማርኩት ከደከመ ሞተር ነው። ባላራትን እንዳለፍን ፀሐዩ ጫካውን አሞቀውና ሽታው መጣ። ባሕር ዛፍ የእንጦጦ ነው ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር ሰው ሳይተክለው በየሜዳው ቆሟል።

«ደሴ ሸተተኝ!» ብሎ ጮኸ ሰይድ።

«አገሩ ይህ ነው። ደሴ ነው እንግዳው!» ብዬ መለስኩለት። ነፋሱ ወሰደው መሰለኝ፣ አልሳቀም።

የምግቡ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አገሩ በሙሉ ገናን ሲበላ እኔ ጾም ላይ ነኝ። በየመንገዱ ያለው ዳቦ ቤት የሚሸጠው ደግሞ የሥጋ ፓይ ነው፤ ሰይድ ሐላል ስላልሆነ፣ እኔ ስለምጾም፣ አይተን እናልፋለን። ስለዚህ በደረስንበት ሁሉ ቺፕስ በላን። የምዕራብ ቪክቶሪያን ከተሞች እስከ ዛሬ በድንች ጥብሳቸው ደረጃ ላወጣላችሁ እችላለሁ።

ከሆርሻም ወዲያ፣ የታጨደ ስንዴ ገለባ እስከ ሰማይ ዳር በሚያበራበት ሜዳ መካከል፣ ካቴናዋ ተበጠሰች። ሞተሯን እየገፋን፣ ከሩቅ የቆርቆሮ ጣራዋ ወደምታብረቀርቅ ቤት ሄድን። ጠና ያለች ሴት በሯን ከፈተች። እኛም እንደ ወግ አጥባቂ ልጆች ሰላምታውን አንድ በአንድ ጀመርነው። እንደምን ነሽ? ቤተሰብ ደኅና ነው? አዝመራው እንዴት ነው? ከብቶቹ? ጤና? ዝናቡስ? ችግራችንን ከሰላምታው በፊት መናገር ነውር ነዋ። ሴትየዋ ጥቁር ጃኬታችንንና ያቀፍኩትን ከረጢት እያየች አዳመጠችና፣

«ልጆች፣ ስለ ጌታ ልትሰብኩኝ ከሆነ እኔ ሃይማኖት አለኝ። የምትሸጡት ነገር ካለም አልገዛም» አለች።

ሰይድ ደንግጦ የተበጠሰውን ካቴና ከፍ አድርጎ አሳያት። ሳቋ ውሻዋን ቀሰቀሰው።

ጆይስ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምታርስ ሴት ናት። ከገና የተረፈ ትልቅ የአሳማ ሥጋ አቀረበችልን። እኔና ሰይድ ተያየን፤ በሥጋ ጉዳይ በአንድ ድምፅ ስንስማማ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ቅቤ አመጣች፤ እኔ የለሁበትም። ወተት አመጣች፤ አሁንም የለሁበትም። «ታዲያ እናንተ በምን ትኖራላችሁ?» አለች። በመጨረሻ ከጓሮዋ ፀሐይ የሞቀው ቲማቲም ቀጥፋ፣ በዳቦና በራሷ የአፕሪኮት ማርማላታ አቀረበችልን። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የጣፈጠኝ የጾም ምሳ የለም።

ከምሳ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አሳየችኝ። «የሚመጣላችሁ ሰው ካለ ደውል።»

እጄ ኪሴ ገባ። የጋሼ ወርቁ ወረቀት እዚያው አለ። ብደውል በማግስቱ ይደርሳሉ፤ እኔም እንደ ልማዴ በሰው መኪና ተጭኜ እገባለሁ።

«ትደውላለህ?» አለኝ ሰይድ በአማርኛ።

«ብሞት አልደውልም።»

«እንዲያ በል! እጅጌህን ሰብስብ።»

ጆይስ የማጨጃዋ መለዋወጫ የተጠራቀመበት ጣሳ ነበራት። ከውስጡ በልኩ ለሞተሯ የተቃረበ የካቴና ማያያዣ ተገኘ። ተራ በተራ ሞረድነው፣ መታነው፣ ሰደብነው፤ ጆይስም በአገሯ ቋንቋ አብራ ሰደበችው። ጥላ ሲረዝም ማያያዣው ገባ። ሰይድ ሞተሯን አስነሥቶ ግቢውን ሲዞር ውሻው እየጮኸ አጀበው፤ እኔ ሠርግ ቤት ያለሁ ይመስል እጨበጭብ ነበር።

ስንሰናበት ጎረቤታችን የላከችው ነው ብለን ዳቦ ቆሎውን ሰጠናት። «ለማን ብላ ሰጠቻችሁ?» አለች። ነገርናት። አንድ ፍሬ ቆረጠመች። ከዚያ ገብታ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ አመጣችና «ለእሷ» አለች።

ሐይቁ ጋ በማግስቱ ደረስን። ሮዝ ነው። ከካላንደሩም ይብሳል፤ ዳርዳሩን ጨው ነጭ ጥለት ሠርቶለታል። ሰይድ ዳር ላይ ሰገደ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ። በክርክር ተሸንፌ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኬንሲንግተን የገባነው ጥሩምባ እየነፋን ነው። ጋሼ ወርቁ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቫናቸውን ተደግፈው ነበር። ሞተሯን ዞረው አዩ፣ ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉ።

«እኔ ታዲያ ይህን ገመድ ምን ላድርገው?»

«ልብስ ያስጡበት፣ ጋሼ» አላቸው ሰይድ።

እትዬ የሺ ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት። «ማን ተቀበለኝ?»

«ጆይስ የምትባል ገበሬ።»

«እሰይ። እንግዲህ በዚያ በኩል ሰው አለን» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ዕለት እንደ አሸናፊ ነበር የሳቅኩባቸው። ዛሬ ሳስበው ሁለታችንም ረትተናል። እኔ ያለ ዘመድ መሄድ እንደሚቻል አሳየሁ፤ እሳቸው ደግሞ ከሄድኩበት ዘመድ አስመጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ አገር አይቻለሁ። ግን ተሰድጄ የመጣሁበት ከተማ ቤቴ የሆነው በዜግነቱ ወረቀት አይደለም። ወጥቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ በራሴ መንገድ የተመለስኩበት ቀን ነው።

ትናንት ልጄ ሻንጣዋን ስትዘጋ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ከላይ አስቀመጥኩላት።

«ለማነው?» አለች፣ ለአንድ ጊዜ በንጹሕ አማርኛ።

«ለምታገኚው ሰው» አልኳት። «ማን እንደተቀበለኝ መጥተሽ ንገሪኝ።»