አያ ጅቦ ጓድ የሆነ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ ማታ የሚባለው ነገር የሚጀምርልኝ ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን፣ አባባ ተሰማ የካውያቸውን ክዳን ከፍተው ፍሙን እፍ ሲሉት ነበር። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ የእንጨት በር ብዙ ቤተሰብ የሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ትልቁ በረንዳ የአባባ ተሰማ ነው። እሳቸው ልብስ ተኳሽ ነበሩ። ያኔ በከተማው ተኳሽ ሞልቶ ነበር፤ የእኛው ተኳሽ ግን ሸሚዝና ሱሪ ብቻ ነበር የሚተኩሱት። ይህችን ቀልድ ራሳቸው ናቸው የፈጠሯት፤ ግራና ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሩን ነበር።

አመሻሹ ላይ የግቢው ልጆች ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር እንኮለኮላለን። የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ሽሽ ብሎ የሚነሣው እንፋሎት ደግሞ ፊታችንን ያሞቀናል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ከአንዲት ኩራዝና በካውያው ቀዳዳዎች ከሚያጮልቀው ፍም በቀር ብርሃን አልነበረንም። ተረት ሲጀምሩም እንደ ሌላው ሰው አልነበረም።

«ካውያው ጋለ?» ይሉናል።

«ጋለ!»

«ጆሮስ?»

«ተከፈተ!»

ሲጨርሱ «በሉ፣ ልብሱም ታጠፈ፣ ተረቱም ታጠፈ» ብለው፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ወደየቤታችን ያባርሩናል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጠን የምንወደው የአህያ ቆዳ ለብሶ አህዮች በረት ስለገባው ጅብ የሚያወሩትን ነበር። ጅቡ ቀን ቀን ሣር የሚግጥ እየመሰለ ይሰነብታል፤ አህዮቹ ሲመሽ አንድ አንድ እያሉ ይጎድላሉ፣ የሚያጎድላቸውን ግን አያውቁትም። በመጨረሻ ጦጢት ዛፍ ላይ ትወጣና ድንገት «አያ ጅቦ!» ብላ ትጣራለች። በስሙ የተጠራ ሁሉ እንደሚያደርገው ጅቡም ሳያስበው «አቤት!» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው እርግጫ ነው።

የጦጢት ድምፅ የእኔ ድርሻ ነበር። ከእኔ በፊት ይህን ሹመት ይዞት የቆየው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ድምፁ ሲጎረንን ነው ለእኔ የተላለፈው።

ታላቅ ወንድሜን የምጠራው አያዬ ብዬ ነበር። እናቴ ከጎንደር ይዛው የመጣችው አጠራር ስለሆነ ለፒያሳ ልጅ እንግዳ ነው፤ የግቢው ልጆች «የጅብ እኅት» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። አያዬ አራት ኪሎ ተማሪ ነበር። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ደብተሩን ይዞ ወጣና ሳይመለስ ቀረ፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ መታሰሩ ተነገረን። ከዚያ ወዲያ እናቴ በየጠዋቱ ምግብ ታደርሳለች፣ የትናንቱ ሳህን ባዶውን ሲሰጣት በሕይወት አለ ብላ ትመለሳለች። ቤታችን ውስጥ ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋ። እኔም አያዬ ባልኩ ቁጥር እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስለምታዞር ስሙን መጥራት ተውኩ። በረንዳው ላይ ግን የፈለግኩትን ያህል ጮክ ብዬ «አያ!» ማለት እችል ነበር። ሁሉም ጅቡን የምጠራ ይመስላቸዋል፤ እኔ የምጣራው ለወንድሜ ነበር።

አንድ አመሻሽ ደምሴ መጣ። ደምሴ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከአያዬ ጋር እዚያው ጠረጴዛ ሥር ተኮልኩሎ ያደገ። ያኔ ግን ሽጉጥ ታጥቆ የቀበሌያችን ካድሬ ሆኖ ነበር፤ ካኪውን የሚተኩሱለትም አባባ ተሰማ ነበሩ። የሚተኮስ ልብሱን ሊያስቀምጥ መጥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተረቱን አዳመጠ።

«አባባ፣ ይኼ አያ የሚሉት ነገር ይቅር» አለ። «አያ፣ እመት፣ ጌታው… ፊውዳላዊ አጠራር ነው። ልጆቹን እያበላሹብን ነው።»

«እሺ ልጄ። ታዲያ ጅቡን ምን ልበለው?»

«ጓድ ይበሉት። አሁን ሁሉም ጓድ ነው።»

«ጅቡንም?»

«ሁሉም አልኩዎት እኮ! ነገ መጥቼ እሰማለሁ። ካልታረመ በረንዳው ይዘጋል፣ እርስዎም ቀበሌ ይመጣሉ።»

ያኔ ቀበሌ መሄዱ ቀላል ነበር፤ የሚያጠያይቀው መመለሱ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ አለችኝ። አለቀስኩ። ጦጢት ከሌለች ጅቡን ማን ይጠራዋል ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያስለቀሰኝ ጅቡ አልነበረም፤ በረንዳው ከተዘጋ አያ የምልበት ቦታ አይኖረኝም። እናቴ ብዙ ካየችኝ በኋላ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለቀቀችኝ፤ እሷም ከመስኮታችን መጋረጃ ጀርባ ቆመች።

ደምሴ ወንበር ቀርቦለት እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አባባ ተሰማ የለየላቸው አራዳ ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ግን የዚያን ዕለት አንዳች ነገር አይነበብም። ጨርቁ ላይ ውኃ ረጨት ረጨት አደረጉ።

«ካውያው ጋለ፣ ጓዶች?»

«ጋለ!»

«ጓድ ጅቦ የጓድ አህያን ቆዳ ለበሰና ወደ በረቱ ገባ። ገብቶም፣ ጓዶች፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ ትቻለሁ ሲል መግለጫ ሰጠ።»

ከንፈራችንን ነከስን። ደምሴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፣ እንደገናም ተቁነጠነጠ። ተረቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛፉ ጋ ደረሰና አባባ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓድ ጅቦ!» አልኩ በቀጭኑ።

መልስ የለም። አባባ ተሰማ የሸሚዙን እጅጌ ገልብጠው መተኮሳቸውን ቀጠሉ።

«ምነው ዝም አለ?» አለ አንዱ ልጅ።

«እኔ እንጃ። አዲሱን ስሙን አልለመደው ይሆናል። እስቲ ሁላችሁም እርዷት።»

«ጓድ ጅቦ!»

«አሁንም ዝም አለ» አሉ አባባ ተሰማ።

«ጓድ ጅቦ! ጓድ ጅቦ!»

ግቢው ተናጋ። ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሰዎች ምን መጣ ብለው በበሩ ብቅ ይሉና፣ «ጓድ ጅቦ!» እየተባለ ሲጮህ ከመሃል የተቀመጠውን ካኪ ለባሽ ሲያዩ አፋቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ደምሴ በሩን ያያል፣ እኛን ያያል፣ ላቡን ይጠርጋል። እኛ ደግሞ አንዴ ተለቀናል፣ ማን ያቁመን። በመጨረሻ ከወንበሩ ብድግ አለና፦

«ኧረ አያ ጅቦ በሉት! አያ ካላላችሁት መቼ አቤት ይላል!» ብሎ ጮኸ።

አባባ ተሰማ ከካውያቸው ቀና ሳይሉ «አቤት!» አሉ።

ደምሴ ከአፉ የወጣው ነገር ገና ያኔ ገባው። ዓይኔ ሽጉጡ ላይ ተተክሎ ቀረ። በዚህ መሃል ነው ከመስኮታችን መጋረጃ ጀርባ አንድ ድምፅ የተሰማው። እናቴ ነበረች። ልታፍነው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ አያዬ ከታሰረ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቋን ለቀቀችው። ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። እኛማ ተንከባለልን። ደስታዬን የት ላድርሰው!

ደምሴ ዓይኑን ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የስብሰባ ድምፁን መለሰ።

«በተረት ውስጥ… በተረት ውስጥ ብቻ ይፈቀዳል።»

«ይኼ ውሳኔ ነው፣ ጓድ?»

«ውሳኔ ነው!»

«እንግዲያው ልብሱም ታጠፈ፣ ተረቱም ታጠፈ» ብለው ካኪውን አጣጥፈው አስታቀፉት።

ያን ማታ ባንድ ጊዜ ያደግኩ መሰለኝ። እንደዚያ የምፈራው ሰው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ «አቤት!» እስኪባል በጉጉት የጠበቀ ልጅ እንደነበረ በዓይኔ አየሁ። ፍርሃቱ ከሰፈራችን አልሄደም፤ እናቴም ሳህኗን ይዛ መመላለሷን አልተወችም። ብቻ አንዳንድ ጠዋት በሩ ላይ ስትደርስ «የጅብ እኅት፣ ቤቱን ጠብቂ» ትለኝ ጀመር፣ እየሳቀች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉሩን የተላጨ ከሲታ ሰው ትንሽ የልብስ ጥቅል ይዞ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። እናቴ የውኃ ባልዲ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባባ ተሰማም ካውያቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። ይመስላል፣ ግን ደግሞ አይመስልም፤ ማንም ደፍሮ ስም ሊጠራ አልቻለም። እኔ በረንዳው ጠርዝ ላይ ወጣሁና ባለችኝ ቀጭን ድምፅ ተጣራሁ።

«አያዬ!»

ታላቅ ለታናሹ የሚመልሰው «ወይ» ብሎ ነው። ሰውዬው ግን ጥቅሉን ጣለና «አቤት!» አለኝ።

ደምሴ ለመፈታቱ እጁ ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩን ለቅቆ ሄደ። አባባ ተሰማ አርጅተው በሰላም አረፉ። ግቢውም ፈርሶ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ በዚያ በኩል በታክሲ ሳልፍ በረንዳው የት ጋ እንደነበር መለየት ያቅተኛል። ጭሱና እንፋሎቱ እንኳ ከሐሳቤ እየደበዘዙ ነው። አያዬ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፣ ከከተማው ዳር ነው የሚኖረው። ስልክ ስደውልለት ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «አያዬ!» እላለሁ። እሱም ሆነ ብሎ ትንሽ ዝም ይላል። እኔ ፀጉሬ የሸበተው ሴትዮ ዛሬም እንደዚያን ቀን ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፣ «አቤት!» እስኪለኝ ድረስ።